ሦስተኛው ሽቦ

ለሥራ ተልከን ከቤተ ሰባችን ጋራ በናይሮቢ ከተማ፥ ኢምባካሲ በተባለው ሰፈር ተቀምጠን ሳለ በገዛ እጃችን የፈጸምነውን አንድ ስሕተት ለአንባብያን መግለጽ ጠቃሚ መስሎ ታየን። ስሕተትን መደበቅ ለባለቤቱ ክብር ቢመስልም ለጎረቤቱ አይረባምና።

ኢምባካሲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. የተከፈተውና ዛሬ በጆሞ ኬንያታ ስም የሚጠራው አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኝበት ሜዳ ነው። ዝናብ ሲጠፋ አቧራው በመስኮት እየገባ ዕቃውን ሁሉ ያለብሰዋል። በየካቲት ወር፥ ማታ ማታ የምንሠራበት ኮምፒዩተር እየጋለ በሥራ መካከል ይጠፋብን ጀመር። እኛም የኤሌክትሪክ ዕቃ ወደሚሸጥበት ወደ ሉቱሊ አቬኑ ወርደን፥ ከአሮጌ የድምፅ ማጉያ የወጡ ሁለት ማራገቢያዎች በርካሽ ገዛን። በጀርባቸው ከ220 እስከ 240 ቮልት የሚል ተጽፎ ነበር። በኮምፒዩተር ውስጥ የሚገባው ማራገቢያ ግን የሚዞረው በ12 ቮልት ነው። ይህን ሳናውቀው ቀርተን አይደለም፤ በሚስዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ተምረናልና ምን ይቸግረናል ብለን ነው። መምህራችን ግን፥ «ሥራው አለቀ የሚባለው መብራቱ ሲበራ ሳይሆን የመሬቱ ሽቦ ሲታሰር ነው» ይሉን ነበር። ይህን ዘነጋን።

ካቻቪቴና ፒንሳ ይዘን፥ የግድግዳው ኤሌክትሪክ ወደ ሣጥኑ ከሚገባበት ላይ ቡናማውንና ሰማያዊውን ሽቦ ቀጥለን ወደ ማራገቢያዎቹ አደረስን፤ መጋጠሚያውንም በናስትሮ ጠቀለልነው። ማራገቢያዎቹ እንደ ወፍጮ ጮኹ፤ ኮምፒዩተሩም ቀዘቀዘ። ባለቤታችን፥ «ኮምፒዩተሩ ሲዘጋ እነዚህ ለምን አይቆሙም?» ብላ ጠየቀችን። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነበር፤ የግድግዳው ኤሌክትሪክ በኮምፒዩተሩ ቁልፍ አይታዘዝምና። እኛ ግን ስቀን ዝም አልን።

ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ቤቱ ታጥቦ፥ የሲሚንቶው ወለል ገና ሳይደርቅ፥ የስድስት ዓመት ልጃችን በባዶ እግርዋ መጥታ ሣጥኑን በጣትዋ ነካች። «ነኺሱኒ!» ብላ በትግርኛ ጮኸች፤ ነከሰኝ ማለትዋ ነው። በአማርኛ «ነዘረኝ» ይባላል፤ «ኤሌክትሪክ ያዘው» የሚባልም አለ። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። የነዘረው ሰው እጁን ይሰበስባል፤ የያዘው ሰው ግን ጡንቻው ተኰማትሮ መልቀቅ ይሳነዋል። ልጃችን የነካችው በጣትዋ ጫፍ ብቻ ነበርና ነዘራት እንጂ አልያዛትም። ያን ሌሊት የእነዚህን የሁለት ቃላት ልዩነት ስናስብ ዐደርን።

በማግሥቱ በኤሌክትሪክ ሥራ የሚተዳደር ጎረቤታችን መጣ። ልጂቱን አይቶ በስዋሂሊኛ «ፖሌ ሳና» አላትና ሣጥኑን ከፈተው። በማራገቢያዎቹ ንዝረት ናስትሮው ተላቆ፥ ቡናማው ሽቦ በቆርቆሮው ጠርዝ ተፍቆ ኖሮ ሣጥኑን ነክቶታል። «ታዲያ ፊውዙ ለምን አልተቃጠለም?» ብለን ጠየቅነው። ማከፋፈያውን ፈትቶ አሳየን፤ አረንጓዴና ቢጫ የሆነው ሦስተኛው ሽቦ በውስጡ ሳይታሰር ቀርቶ ነበር። ታስሮ ቢሆን ኤሌክትሪኩ በብዛት ወደ መሬት ይፈስና ፊውዙን ያቃጥል ነበር። የ13 አምፔር ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ከእሳት ነው፤ ሰውን ለመግደል ግን ከአንድ አምፔር አንድ ዐሥረኛ ያነሰ እንኳ ሊበቃ ይችላል። ለሰው ጥበቃ የሚሆነው፥ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ሲያመልጥ ወዲያው የሚያቋርጠው መሣሪያ ነው። በቤታችን ይህ አልነበረም።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ የኋላው ነው። ጎረቤታችን የቀድሞውን ትንሽ ማራገቢያ ቢያየው፥ በአቧራ ታፍኖ መዞር ተስኖት ነበር። አቧራውን በብሩሽ ጠረግን፥ ማራገቢያውንም ከኮምፒዩተሩ ከራሱ ኃይል በሚወስድ ባለ 12 ቮልት ለወጥነው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩ አልጠፋብንም። ልጃችንን ለአደጋ ያጋለጥነው በብሩሽ ለሚድን ችግር ነበር።

ስለዚህ አንባብያን ሆይ፥ የጋለ ኮምፒዩተር ሲገጥማችሁ አስቀድማችሁ ከግድግዳው ነቅላችሁ አቧራውን ጥረጉ፤ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ወደ ሣጥኑ ከማስገባት ተጠንቀቁ፤ የማከፋፈያችሁንም ሦስተኛ ሽቦ በባለሙያ አስመርምሩ። ልጃችን እስከ ዛሬ በሣጥኑ አጠገብ ስታልፍ እጅዋን ወደ ኋላዋ ትይዛለች። እኛም ባየናት ቍጥር የመምህራችን ቃል ትዝ ይለናል።