በሐይቅ ዱር የሚሰወረው ጭልፊት

ጭልፊት ሲባል በየቤቱ የሚታወቀው በደጅ ላይ አንዣቦ ጫጩት የሚነጥቀው ነው። ነገር ግን በጥቅጥቅ ዛፍ ውስጥ የሚኖርና ራሱን ለሰው ዓይን የማይሰጥ ሌላ ወገን አለ፤ እኛም ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ፥ በእስጢፋኖስ ገዳም ዱር ውስጥ ስንፈልገው ሁለት ማለዳ ደከምን። ገዳሙ ሴቶች የማይገቡበት ስለ ሆነ ባለቤታችንና ሴቶች ልጆቻችን በውጭ ይጠብቁን ነበርና፥ አስቀድመው ያዩት እነርሱ ሆኑ።

ይህም የሆነበት ምክንያት አለው። ወፉ ቀኑን በቅጠል መካከል ዝም ብሎ ይውላል፤ በማለዳ ግን ከዛፎቹ በላይ ከፍ ብሎ እየዞረ በየሁለትና በየሦስት ሰኮንድ አንድ አጭር ድምፅ ያሰማል። ከዛፍ ሥር የቆመ ሰው ድምፁን ይሰማል እንጂ አካሉን አያይም።

ክንፉ አጭር፥ ጅራቱም ረዥም ነው፤ ስለዚህ በቅርንጫፍ መካከል እንደ ልቡ ይተጣጠፋል። ደረቱ በቀይ ዳማ መስመር የተዥጐረጐረ ነው። ሴቲቱ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ 2 ወይም 3 እንቁላል ጥላ ስትታቀፍ ምግቧን የሚያመጣላት እርሱ ነው። ሩፔል የተባለው የጀርመን ሊቅ በአገራችን ተዘዋውሮ ከተመለሰ በኋላ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1836 ዓ.ም. የአገራችንን ወገን ስም አውጥቶ ጽፎለታል።

ከሐይቅ ወደ አምባሰል ተሻግረን ከአጎታችን ሚስት ቤት ባደርን ጊዜ፥ ከጓሮው ባለው ትልቅ ዋንዛ ላይ ይኸው ወፍ ጎጆ ሠርቶ አገኘነው። እሳቸው ግን ዛፉን ሊያስቈርጡ አሽከራቸውን መጥረቢያ አስለውት ነበር።

«ልጆቼ፥ እናንተ ለማየት ትደክማላችሁ፤ እኔን ጫጩት ጨረሰብኝ» አሉን።

ከዶሮ ፈጽሞ ንጹሕ ነው አንልም፤ አልፎ አልፎ ይነጥቃል። ነገር ግን ከዛፉ ሥር ወርደን ብንመረምር ያገኘነው የርግብና የሌላ ወፍ ላባ፥ የአይጥም ጠጕር ነበር። በዚያው ሰዓት ጅራቷ እንደ መንታ የተከፈለ ጭላት ከሜዳው መጥታ በደጁ ላይ ስታንዣብብ እሳቸውም በዓይናቸው አዩ። ጭላት በከተማም በሜዳም ትኖራለች፤ ይህኛው ግን ዛፉ ከተመነጠረ የሚሄድበት የለውም፤ በወሎ ደጋ የቀረው የጥንት ዱር ደግሞ አብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያለው ነው።

እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «ልጆቹ ስንት ቀን ይቆያሉ?» ብለው ጠየቁን። ከተፈለፈሉ አንድ ወር ያህል ቆይተው እንደሚበሩ፥ ከዚያም በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ከወላጆቻቸው እንደማይርቁ ነገርናቸው።

«እንግዲያስ እነርሱም ልጆች ናቸው» አሉ። አሽከሩም ያንኑ የተሳለ መጥረቢያ ይዞ፥ ለጫጩቶቹ ክዳን ያለው ቤት የሚሆን ቀጫጭን እንጨት ይቈርጥ ጀመር።