ለእግር የሚሆን ቅቤ

ሾላ ገበያ ቅቤ ተራ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለጋ፣ መካከለኛ ወይስ በሳል?» ተብሎ ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ሩብ ኪሎ ለጋ ስጠይቅ ሻጯ «ለፀጉር ነው?» አለችኝ። «ለእግር ነው፤ ወንድሜ ወለም ብሎት።» ሚዛኑ ላይ ትንሽ ጨመር አደረገችልኝና «ኳስ ነዋ!» አለች። አዎ፣ ኳስ ነው።

ወንድሜ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሴራሚክ ያነጥፋል። ሥራው ቁጭ ብድግ ነው፣ ክፍያው በካሬ ነው። ያልተነጠፈ ካሬ አይከፈልም። እሁድ ጠዋት ደግሞ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ይጫወታል። ስለዚህ የዚያን እሁድ ቁርጭምጭሚቱ ሲያብጥ ቤታችን ውስጥ ያበጠው እግር ብቻ አልነበረም። የቤት ኪራይ ነበር፣ ዕቁብ ነበር፣ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ነበር።

እናቴ ወጌሻ አስጠራች። የመጡት ሽማግሌ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ እግሩን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «እስቲ ተነሥተህ ሂድ» አሉት። ሁለት እርምጃ ሞክሮ ግድግዳ ያዘ። «ራጅ ሳይነሳ አልነካውም» አሉ። እናቴ ቅር አላት፤ ቅቤው እኮ ተገዝቷል። «ጋሼ፣ በትንሹ እንኳ ያዝ ያዝ ቢያደርጉት?» ብትላቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

በኋላ ሳነብ የገረመኝ፣ የካናዳ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት የኦታዋ መመሪያ የሚለው ከዚህ ብዙም አይርቅም። የተጎዳው ሰው አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ጀርባና ጫፍ ሲነካ ካመመው፣ ራጅ ይነሳ ይላል። ሽማግሌው ኦታዋን የሚያውቁት አይመስለኝም። ብዙ እግር አይተዋል፣ በቃ። ሁሉም ወጌሻ ግን እንደሳቸው አይደለም። ስብራት በስንጥር ከልክ በላይ ተጠብቆ ሲታሰር ደም መዘዋወሩን ያቆማል፤ እግሩ ሞቶ እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ሰዎች አሉ።

ራጁ ስብራት የለም አለ። የተጎዳው ጅማቱ ነበር። ስድስት ሳምንት ሥራ ፈታ። ዕብጠቱ ሲጎድል ቅቤው ተራው ደረሰ፤ እናቴ ማታ ማታ ከጣቱ ጀምራ ወደ ጉልበቱ እየሳበች ታሸዋለች። እሱ ስልኩን ትቶ ዐይኑን ይጨፍናል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እናቴ ከዚያ በፊት መቼ እንደነካችው እንጃ።

ታዲያ መታሸት ምን ይሠራል? የደከመ ጡንቻ ያዝናናል፣ ከጨዋታ ማግስት የሚመጣውን ሕመም ያቀላል፣ እንቅልፍ ያመጣል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን የሚቀጥለውን ወለምታ ይከለክላል ብሎ የሚያሳምን ማስረጃ የለም። የማይታሽም አለ፦ ትኩስ ዕብጠት፣ የተጠረጠረ ስብራት፣ በአንድ በኩል ብቻ ያበጠና የሚሞቅ ባት። የመጨረሻው የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ይህ የኳስ ብቻ ጣጣ አይደለም። በሌላው ዓለም የጎልፍ ነገር እንዲሁ ነው። ሰውየው አምስት ቀን ወንበር ላይ ይውላል፤ ቅዳሜ ዱላ ይዞ ወገቡን በሙሉ ኃይሉ ደጋግሞ ይጠመዝዛል። ወገብና ክርን ቀድመው ይከፍላሉ፤ በስፖርቱ ስም የተጠራ የክርን ሕመም እንኳ አለ። ከዚያ ማሳጅ ቤት ይሄዳል። የእኛም ሰው ለታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ቲሸርት ሲገዛ ትዝ የሚለው ቲሸርቱ ነው። ከሳምንት እስከ ሳምንት ያልተጠየቀ ሰውነት በአንድ ጠዋት ሁሉን ይጠየቃል።

የሚከላከለው ነገር አሰልቺ ስለሆነ ነው የማናወራው። ፊፋ 11+ የሚባል የማሟሟቂያ ፕሮግራም አለ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፦ ቀላል ሩጫ፣ የሆድና የጭን ማጠንከሪያ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ዘሎ በትክክል ማረፍ። እ.ኤ.አ. በ2008 በኖርዌይ ሴት ታዳጊ ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን የሠሩት የተጎዱበት መጠን በሲሶ ገደማ ያነሰ እንደነበር አሳይቷል። ቅቤ አይጠይቅም።

አንዴ ወለም ያለው ቁርጭምጭሚት ደግሞ ለመድገም ቅርብ ነው። ስለዚህ ወንድሜ አሁን ጥርሱን የሚቦርሸው በአንድ እግሩ ቆሞ ነው። መጀመሪያ ሲንገዳገድ እናቴ «ምን ነካው ይሄ ልጅ?» ትል ነበር። አሁን ሽሮ እያማሰለች ትቆጥርለታለች።

ችግሩ ሜዳው ነው። በሰዓት ስለሚከራይ ሃያ ደቂቃ ማሟሟቅ ማለት የከፈሉበትን ሲሶ መስጠት ነው። ጓደኞቹ «ጂም ነው እንዴ የመጣነው?» አሉት። አልተከራከረም። ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ይሄድና ከሜዳው በር ውጪ፣ ታክሲ የሚቆምበት ጥግ ላይ ብቻውን ይሠራል። የታክሲ ረዳቶች ይሥቁበታል፣ አንዱማ እየቆጠረ ያበሽቀዋል። ባለፈው እሁድ ምሳ ይዤለት ስሄድ ስምንት ሆነው በአንድ እግራቸው ቆመዋል። ሁለቱ ግን አሁንም አጥሩን ተደግፈው ስልካቸውን ያያሉ።