የጋሼ ታክሲ ሲፈታ

መቼም አሜሪካን አገር መኪና መግዛት እንጂ መገላገል ቀላል አይደለም። ባለፈው ሰመር አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ከአንድ ያገራችን ሰው ጋራዥ ጓሮ የተሰበሰብነው ለዚሁ ነበር። የሚፈታው መኪና የ2004 ሥሪት ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ዕድሜያቸውን ዲሲን በታክሲ ሲዞሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

ዐይናቸው ደክሞ መንዳት ካቆሙ ወዲህ መኪናው ከደጃቸው ተገትሮ ሲከርም፣ የሠፈሩ ማኅበር «በአሥር ቀን ካልተነሣ አስጎትተን ሒሳቡን እንልካለን» የሚል ደብዳቤ ላከላቸው። ጎታች መጥቶ በጥቂት ዶላር ሊወስደው ሲል ግን ጋሼ እምቢ አሉ። ከእኛ መካከል አንዱ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ቁርጥ ያንኑ መኪና እየነዳ ሌሊት መጋዘን ይሠራል። ካምቢዮው ሞቶበት በሰው መኪና እየተለመነ ነው የሚሄደው፤ አለቃውም ሁለቴ አስጠንቅቆታል። አዲስ መግዣ የለውም። የክራውን ቪክቶሪያ ምርት ደግሞ በ2011 ካናዳ ውስጥ ቆሟል፤ ርካሽና ደኅና ካምቢዮ ከተፈለገ ከአሮጌ ወንድሙ ገላ ላይ መፍታት ነው። «የእኔ ካምቢዮ ጤነኛ ነው። ለልጁ ይውጣለትና የቀረው ሚዛን ላይ ይውጣ» አሉ ጋሼ።

መካኒካችን የሶማሌ ተራ ልጅ ነው። መጀመሪያ ባትሪውን አላቀቀ፤ ኤርባግ ፊት ላይ ቢፈነዳ ቀልድ የለውም። የኤሲውን ጋዝ በማሽን ሳበ፤ አየር ላይ መልቀቅ እዚህ አገር በሕግ ያስቀጣል። ዘይቱን፣ የፍሬኑን ፈሳሽ፣ የራዲያቶሩን አረንጓዴ ውኃ ለየብቻ በጄሪካን ቀዳ። ይህ አረንጓዴው ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል፣ ይገድለዋልም። እኔ ይህን ሁሉ ማስታወሻ ደብተር ላይ ስጽፍ አየኝና «ጋዜጠኛው፣ እስክሪብቶውን ተውና ክሪኩን ያዝ!» አለኝ።

እውነቱን ነው። ወጣት ሪፖርተር ሳለሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄጄ ስለ ቁራሌው ገበያ ጽፌ ነበር። ከጎማ በረባሶ ሲቆረጥ፣ ከዘይት በርሜል ምድጃ ሲቀጠቀጥ፣ የመኪና ባሌስትራ ቢላዋና ማረሻ ሲሆን አይቻለሁ። ከውጭ ዲግሪ ይዤ የተመለስኩ ጉረኛ ነበርኩና «የድህነት ፈጠራ» ብዬ አለፍኩት። አንድም ብሎን በእጄ ፈትቼ አላውቅም ነበር። የዛገ ብሎን ምን እንደሆነ የገባኝ እዚህ፣ አርባዬን ካለፍኩ በኋላ፣ ጀርባዬ ላይ ተንጋልዬ ዝገቱ ዐይኔ ውስጥ ሲገባ ነው።

የመካኒኩ ልጅ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ እዚሁ የተወለደ። አባቱ «ካቻቢቴ!» ሲል ፒንሳ ያመጣል፤ «ኮፋኖውን ክፈት» ሲለው ግንዱን ይከፍታል። በኋላ ተናድዶ «ይሄ አማርኛ ነው?» አለ። ምን ይባላል? ጣሊያን በ1941 ተባርሮ ወጥቶ ኩሽኔታውን፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ማርሚታውን ትቶልን ሄዷል። አማርኛችን ነው አልነው።

መኪናው በ2008 ነው የተገዛው፣ በዲሲ የዞን ታሪፍ ቀርቶ ሜትር በገባበት ዓመት። ከዚያ በፊት የፖሊስ ነበር። የታክሲው ቀለም የተፋቀበት ቦታ ሥር የፖሊሱ ነጭ ይታያል፤ በሾፌሩ በኩል ካለው ምሰሶ ላይ የፖሊስ መብራቱ የነበረበት ቀዳዳ በላስቲክ ተደፍኗል። ጋሼ በላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ይህን ሁሉ ያስረዳሉ፤ ከሥራው ወሬው በልጦ ረፋዱ አለቀ።

ፖርቶ ባጋሊዮውን ስናራግፍ ከመለዋወጫ ጎማው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ወጣ፤ ያኔ ሾፌሩ እያንዳንዱን ጉዞ በእጁ የሚጽፍበት ቅጽ። ጋሼ መነጽራቸውን አጥብቀው አገላበጡ። በ2009 ከተጻፉት አንዱ ላይ ሁለት ጉዞ ብቻ አለ፣ የቀረው ባዶ ነው። ወረቀቱን ወደ እኔ አዞሩልኝ። ያን ቀን «ቤት እንግዳ መጥቷል፣ ቶሎ ይምጡ» ብዬ የደወልኩላቸው እኔ ነበርኩ። ሌሎቹ ወዳጆች ሳሎኑን ሞልተው ይጠብቁ ነበር፤ የእናታቸውን መርዶ ልንነግር። የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ስላልተወሰነ ሄደው መቅበር አልቻሉም። «ውሸትህን እኮ ድምፅህ ላይ ዐውቄው ነበር» አሉኝ። «ሦስተኛ ሰው አልጫንኩም፤ መብራቱን አጥፍቼ መጣሁ።» ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ሌላውን ጣሉት።

ካምቢዮው ከሰዓት በኋላ ወጣ። የላይኛው ብሎን ብቻ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ከዚያ ሞተሪኖውን፣ ዲናሞውን፣ የመዳብ ሽቦውን፣ ቸርኬዎቹን ለየን፤ ማግኔት የማይዘው ከሚይዘው የተሻለ ዋጋ ያወጣልና። ካታሊስቱ ውስጥ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለ ሌባ ከቆመ መኪና ሥር እየቆረጠ ይወስደዋል። ለዚህም ነው ብረት ገዢው መታወቂያና ታይትል ካላየ ያልተቀበለን።

ሙሉ ሳለ ወደ 4,000 ፓውንድ የሚመዝነው መኪና ሚዛን ላይ ሲወጣ ቅርፊት ነበር። ክሬኑ አንሥቶ ክምሩ ላይ ሲጥለው ጋሼ ፊታቸውን አላዞሩም፤ እኔ ነኝ ያዞርኩት። ገንዘቡ የምሳችንን ሸፍኖ ለመካኒኩ ዘይት መግዣ ጥቂት ተረፈ። ጋሼ ድርሻቸውን አልቀበልም አሉ፤ የግራውን ስፖኪዮ ብቻ ይዘው ገቡ።

በሳምንቱ ልጁ መኪናውን ሊያሳያቸው መጣና ሁላችንንም ጭኖ ወደ ዲሲ ይዞን ሄደ። ጋሼ ከፊት ተቀምጠው ጆሯቸውን ጣል አድርገው ያዳምጣሉ። ድልድዩን ስንሻገር ማርሹ ቆየት ብሎ ገባ። ልጁ ደነገጠ።

«አይዞህ» አሉት። «እኔም ጋ እዚህ ላይ ትዘገይ ነበር። እግርህን ትንሽ አንሣላት።»