መብራት እየሸጥን መብራት ያልገባን ጊዜ

ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ ሱቅ ከከፈትን ጀምሮ የምንሸጠውን ዕቃ ሁሉ የምናውቀው ይመስለን ነበር። ከሉቱሊ ጎዳና የመድረክ መብራት እያነሳን በሞያሌ በኩል ወደ አገር ቤት እንልካለን፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እዚሁ ለአበሻ ሰርግ እናከራያለን። ዋጋውን እናውቃለን፣ ክብደቱን እናውቃለን፣ ቀረጡን እናውቃለን። እንዴት እንደሚታዘዝ ግን አናውቅም ነበር።

ይህን ያወቅነው በአንድ ሰርግ ምሽት ነው። ራሳቸውን የሚያዞሩ፣ ሙቪንግ ሄድ የምንላቸውን 12 መብራቶች አዳራሽ ውስጥ ሰቀልን። ሱቅ ውስጥ ስንሞክራቸው ሁሉም አንድ ላይ ይዞሩ ስለነበር ልባችን ሙሉ ነበር። ሙሽሮቹ ሊገቡ አንድ ሰዓት ሲቀር ግን «እያንዳንዱን ለየብቻ ብናዘው ያምራል» ብለን 1፣ 2፣ 3 እያልን እንደ ቤት ቁጥር ቁጥር ሰጠናቸው። ሙሽሮቹ በሩ ላይ ሲደርሱ አንዱን ስናዞር ሌላው ቀለም ይቀይራል፤ አንዱን ስናበራ ጎረቤቱ ይጠፋል። የቀሩት ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣሉ። በመጨረሻ ሁሉንም አጥፍተን የአዳራሹን ነጭ መብራት አበራን። የሙሽራዋ እናት ፊት አሁንም ከዓይናችን አልጠፋም።

በማግስቱ ገንዘቡን ልንመልስ ሄድን። የሙሽራዋ አባት አልተቀበሉንም። «ልጆቼ፣ ገንዘቡ ይቅር፤ የማታውቁትን ነገር ግን ለሰው አትስጡ» አሉን። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ጭንቀታችን በዚያ አላበቃም። በዚያው ሳምንት ለሐዋሳ አዳራሽ ያላቸው አንድ ደንበኛችን ያዘዙት 24 መብራት በኢሲዮሎና በማርሳቢት መንገድ ላይ ነበር። ገንዘቡ የዕቁብ ገንዘብ መሆኑን እናውቃለን። «ዕቃው ቻይና ነው» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ደውለን እውነቱን ነገርናቸው፦ ዕቃው ይደርሳል፣ ግን ተምረን ራሳችን መጥተን እስክንገጥመው ድረስ እንዳይሰቀል። ትንሽ ዝም አሉና «እሺ፣ ግን ቶሎ ተማሩ» አሉን።

አንድ ኬንያዊ ፉንዲ ሱቅ ከዘጋን በኋላ ማታ ማታ ሊያስተምረን ተስማማ። «ፖሌ ፖሌ» ይለን ነበር፣ ስንቸኩል። መጀመሪያ ያስተማረን ዲኤምኤክስ 512 የሚባለውን ቋንቋ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለቲያትር መብራት የወጣ ሲሆን ዛሬም አብዛኛው የመድረክ መብራት የሚታዘዘው በእሱ ነው። በአንድ መስመር 512 ቻናል አለ፤ እያንዳንዱ ቻናል ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይይዛል። የእኛ አንዱ መብራት ብቻውን 16 ቻናል ይፈልጋል፦ አንዱ ለመዞር፣ አንዱ ለድምቀት፣ አንዱ ለቀለም እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ የመጀመሪያው አድራሻ 1 ከሆነ ሁለተኛው 17፣ ሦስተኛው 33 ነው። እኛ 1፣ 2፣ 3 ስንል አንዱን መብራት በሌላው ላይ አስቀምጠነው ነበር።

መንቀጥቀጡ ደግሞ ከኬብሉ ነበር። ሶኬቱ ስለገጠመልን የማይክሮፎን ኬብል ተጠቅመናል። ሱቅ ውስጥ አጭር ስለነበር አላስቸገረም፤ አዳራሹ ውስጥ ሲረዝም ምልክቱ ተበላሸ። በመስመሩ መጨረሻ ላይ መሰካት ያለበትን 120 ኦም ተርሚኔተርም አላደረግንም። እሱ ከሌለ ምልክቱ ከጫፍ ተመልሶ ራሱን ይረብሻል። ይህን ሁሉ ያዋረደን ከዕቃው ሁሉ ርካሹ ነገር ነው።

ሁለት ወር ከተማርን በኋላ ከመካከላችን ሁለታችን ሐዋሳ ወረድን። 24 መብራት በ16 ሲባዛ 384 ቻናል ነው፤ በአንድ መስመር ይበቃል። የመጨረሻው አድራሻ 369 ሆነ። የኬንያውን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሶኬት በአገር ቤቱ ባለ ክብ እግር ቀየርን። ማታ ሲበራ ደንበኛችን ምንም አላሉም፤ ወንበር ስበው ተቀመጡና ዝም ብለው አዩ።

ከዚያ «ለሚሠራው ፎቄስ?» ብለው ጠየቁን። በዚህ ጊዜ አልቸኮልንም። የሕንፃ መብራት በአብዛኛው በሌላ ቋንቋ ነው የሚታዘዘው፤ አንዱ ዳሊ ይባላል። በአንድ መስመር እስከ 64 መብራት ይይዛል። እንደ መድረኩ ፈጣን አይደለም፤ ግን መብራቱ መልስ ይሰጣል፣ ሲበላሽም ይናገራል። ተራው ዲኤምኤክስ ግን ያዛል እንጂ አይሰማም። «ይህንን ገና እየተማርን ነው» አልናቸው። እንደዚያ ማለት ከሰርጉ በፊት አናውቅበትም ነበር።

ወገኖቻችን፣ መብራት የምትነግዱ ከሆነ ከመሸጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ቻናል ይወስዳል? ኬብሉና ተርሚኔተሩ አብሮ አለ? ገዢው ጋ የሚያዘው ሰው ማን ነው? ለቤት አምፖል ደግሞ ዲመር ይቀበል እንደሆነ ካርቶኑ ላይ እዩ፤ የማይቀበል ኤልኢዲ በዲመር ሲበራ ይርገበገባል፣ ቶሎም ሊበላሽ ይችላል።

በቅርቡ የእነዚያው ጋሼ ሁለተኛ ልጅ ታገባለች። መብራቱን እንድንሠራ ራሳቸው ደወሉልን። አዳራሹ ውስጥ አንድ ቀን ቀድመን እንገባለን።