ሽለላ በሳክስፎን

ልጅዎ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን አልጋ ላይ ጥሎ «እማዬ፣ ሳክስፎን ልማር ነው» ቢልዎ ምን ይመልሱለት ነበር? እኔ የመለስኩለትን ልንገርዎ። «አዝማሪ ልትሆን ነው?» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ራሴ ደነገጥኩ። የኔ ቃል አልነበረማ! ከሠላሳ ዓመት በፊት አባቴ ታላቅ ወንድሜን ክራር ይዞ ባገኘው ጊዜ የተናገረው ነው። ያን ዕለት ክራሩ ምድጃ ውስጥ ገባ። ወንድሜ ዛሬ ደህና ሥራ ያለው፣ ቤተሰቡን በወጉ የሚያስተዳድር ሰው ነው። ነገር ግን ሠርግ ቤት እንኳ ሲያጨበጭብ አይቼው አላውቅም።

ልጄ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል ባለ አንድ አሮጌ ሳክስፎን በተራ ይማራሉ፤ ተራው ሲደርሰው እሑድ እሑድ ቤት ይዞት ይመጣል። እኛ ደግሞ ተከራዮች ነን። ግድግዳችን ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። የመጀመሪያው ሰሞን ድምፅ እናቱ የጠፋችበት ጥጃ ይመስል ስለ ነበር፣ አከራያችን እትዬ «ኧረ ልጅሽን ምከሪልኝ» አሉኝ። እኔም ሳምንቱን ሙሉ መዝገብ ቤት ስገላበጥ ውዬ በዕረፍቴ ቀን ራስ ምታት መግዛቴ አናደደኝ። ልቆጣው ተነሥቼ ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት። ከመሣሪያ ሁሉ ይሄን ለምን መረጥክ? «ጌታቸው መኩሪያን ሰምቼ» አለኝ።

እናንተም ስሙን ሳትሰሙ አትቀሩም። እኔም ስሙን እንጂ ሰውየውን አላውቀውም ነበር።

ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለደ። በልጅነቱ የጀመረው በክራርና በማሲንቆ ነው፤ ሳክስፎኑና ክላርኔቱ በኋላ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1948 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ሲገባ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ከኔ ልጅ በሁለት ዓመት ያንሳል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ። ማዘጋጃ ቤት፣ ቴአትር ቤት፣ ፖሊስ፤ «ሙዚቃ እንጀራ አይሆንም» እያልን ልጆቻችንን የምናስፈራራ ሁሉ ይህን ልብ እንበል። ሰውየው እንደኔ ተቀጣሪ ነበር።

ስሙን ያስጠራው ግን ሌላ ነው። ሽለላና ፉከራ ምን እንደሆነ ለናንተ አላስረዳም፤ ጀግና ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ፣ ወይም ግዳይ ጥሎ ሲመለስ፣ ደሙ ሲፈላ በአንደበቱ የሚያወጣው ነው። ጌታቸው ያንን ጩኸት፣ ያንን ጉሮሮን የሚቧጥጥ ማጓራት፣ ያንን እየተንቀጠቀጠ የሚጎተት ትንፋሽ ከአንደበት አንሥቶ በቴነር ሳክስፎን ላይ አኖረው። ቃል የለም፤ ትንፋሽ ብቻ። እንዲያውም መድረክ ላይ የጀግና ልብስ ለብሶ፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ይወጣ ነበር። ሽለላን ያለ ድምፃዊ፣ በመሣሪያ ብቻ በሸክላ ካስቀረጹት ቀዳሚዎች አንዱም እሱ ነው። የጃዝ ሰዎች ሲሰሙት አሜሪካዊውን ኦርኔት ኮልማንን ያስታውሳቸዋል። እኔ ግን የሰማሁት ይፋትን ነው።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የሰዓት እላፊው የከተማውን የሌሊት ሙዚቃ ለዓመታት ዘጋው። እሱ ግን መሣሪያውን አላስቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ2003 የቆዩ ሥራዎቹ «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ አሥራ አራተኛ ቅጽ ሆነው እንደገና ታተሙ። ቀጥሎ የሆነው ነው እኔን ያስገረመኝ። ብዙ ሰው ጡረታውን ይዞ ፀሐይ በሚሞቅበት ዕድሜ፣ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖት፣ «ዘ ኤክስ» ከሚባሉ ሆላንዳውያን ሙዚቀኞች ጋር ገጠመ። በጊታር የሚጮሁ፣ ዓመፀኛ የሚባሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አወጡ፤ አውሮፓንም አብረው ዞሩ። መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በሰማንያ አንድ ዓመቱ አረፈ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከልጄ ጋር ቁጭ ብዬ ነው። ከእትዬም ጋር ተስማማን፤ እሑድ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት፣ በር ተዘግቶ፣ ፈተና ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ የለም። ጥጃው አሁን ትንሽ አድጓል።

ባለፈው ሰሞን እናቴ ከገጠር መጥታ ነበር። ክራሩ ሲነድ አጠገቡ ቆማ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ያየች እናቴ። ልጄ የጌታቸውን ሽለላ ከፈተላት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እስኪያልቅ አዳመጠች።

«ይሄ ሸላይ የማን አገር ሰው ነው?»

«የይፋት» አላት።

«እኮ! አንተስ እንዲህ ትነፋለህ?»

«ገና ነኝ አያቴ።»

«እና ምን አስቀመጠህ?» አለችው።

የፊታችን እሑድ ወንድሜን ምሳ ጠርቼዋለሁ። ሳክስፎኑ እኛ ቤት የሚውልበት ቀን መሆኑን አልነገርኩትም።