እንኳን አደረሳችሁ ባዮቹ

ወዳጆቼ፣ «ዓመቱን ሙሉ ሲጓዙ ከረሙ» ሲባል አውሮፕላንና ሻንጣ እንዳይታያችሁ። የጠመንጃ ያዥ ጎረቤቶቻችን፣ ጋሼና እትዬ፣ 2016 ዓ.ም.ን በመንገድ የጨረሱት ከአዲስ አበባ ሳይወጡ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ግድም በልደታ ዙሪያ አሮጌ ሰፈሮች ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ የቡና ጓደኞቻቸው ተበተኑ። ገሚሱ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፤ አንዳንዱ አያት ገባ። ፖስታ ይላኩ እንዳንል፣ የአገራችን ፖስታ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ቢኖርም ደብዳቤው የሚያርፈው ከፖስታ ሣጥን ነው፤ የዕድር ሴት ደግሞ የምን ሣጥን! ስልክስ? ኧረ እትዬ ፊት አታንሱት። «ቡና በሽታው ይጠጣል እንዴ?» ይላሉ።

ስለዚህ እንቁጣጣሽን ጀሞ፣ ገናን አያት። ከልደታ አያት በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ነው፤ ጋሼ ቆመው፣ እትዬ ድፎውን ታቅፈው። ግንቦት 1 ብቻ አይንቀሳቀሱም። የልደታ ለት የተበተነው ሁሉ ለንግሥ ይመጣል፤ ንፍሮውም ደጅ ይቀቀላል።

ጋሼ የስም ደብተር አላቸው። ለፋሲካ እንደገና ጀሞ ወጡ፤ አራተኛ ፎቅ አንኳኩ። የከፈተችው የማያውቋት ልጅ ናት።

«ሸጠው ሄደዋል፤ የት እንደሆነ እንጃ።»

እትዬ ትንሽ ዝም አሉና ድፎውን ሰጧት። «እንኳን አደረሰሽ፣ ልጄ።»

ጋሼም ደብተሩን አውጥተው ስሟን ጠየቋት።