ጀርባ የሌለው ፎቶግራፍ

አንድ የብር ኖት ወደ ብርሃን ከፍ ተደርጎ ሲታይ ከወረቀቱ ውስጥ ደብዘዝ ያለ ምስል ብቅ ይላል። ምስሉ በቀለም የታተመ ሳይሆን ወረቀቱ ሲሠራ አብሮት የተፈጠረ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፋብሪያኖ ከተማ ኢጣልያውያን ወረቀት ሠሪዎች በዚህ ዘዴ መጠቀም ሲጀምሩ፣ ምልክቱ የሠሪውን ማንነት ያሳውቅ ነበር። ዛሬ «የውሃ ምልክት» የሚለው ስም ወደ ፎቶግራፍ ተሻግሮ፣ በበይነ መረብ በሚሠራጭ ምስል ላይ የሚያርፈው የአንሺው ስም ወይም አርማ መጠሪያ ሆኗል። ለመሆኑ ይህ ስም ማንን ያገለግላል?

ጥያቄው በዲላና በመላው ጌዴኦ ለምንኖር ሰዎች ሩቅ አይደለም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንሰቱ፣ በዛፍ ጥላ ሥር የሚያድገው ቡና፣ የጨልባ ቱቲቲና የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች፣ የደራሮ በዓል፣ ሁሉም የካሜራ ሲሳይ ናቸው። ከዚህ የሚነሣው ምስል በፌስቡክና በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይውልና ማታ ላይ ባለቤት አልባ ሆኖ ይገኛል። እኔም ያነሣሁትን፣ እሸት ቡና የምትለቅም የአንዲት እናት ምስል፣ በአንድ ድርጅት የቀን መቁጠሪያ ላይ ታትሞ አይቼዋለሁ። የእኔ ስም አለመኖሩ ይቅር፤ የእናቲቱም የቀበሌዋም ስም አልነበረም። ከሥሩ የሠፈረው የሌላ ቡና አብቃይ አካባቢ ስም ነበር።

ስም ዋጋ እንዳለው የጌዴኦ ገበሬ ጠንቅቆ ያውቃል። አገራችን የይርጋ ጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም. ማመልከቻ ካቀረበች በኋላ ጉዳዩ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር አከራክሮ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ተቋጭቷል። የክርክሩ ፍሬ ነገር፣ ቡናውን የሸጠ ገበሬ ስሙንም በነፃ ማስረከብ አይገባውም የሚል ነበር። ለቡናው የተባለው ለምስሉ የማይባልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ አንድ የፎቶግራፍ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ ክፍል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም፣ አለዚያም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ሲይዝ መሆኑን ደንግጓል። እንግዲህ ስምን በሥራ ላይ ማሳረፍ ከንቱ ውዳሴን መሻት አይደለም። የቀድሞ ፎቶ ቤቶች ማኅተማቸውን በፎቶው ጀርባ ያሳርፉ ነበር። በወላጆቼ አልበም ውስጥ ያሉት ምስሎች እስከ ዛሬ የሚታወቁት በዚያ ማኅተም ነው። በስልክ መስታወት ላይ የሚታየው ፎቶግራፍ ግን ጀርባ የለውም። በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የአንሺው ስምና ቀንም ምስሉ በማኅበራዊ መገናኛ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ስሙ ወደ ፊት ለፊት ለመምጣት ተገደደ።

ይሁን እንጂ አቀማመጡ ማስተዋልን ይጠይቃል። ጥግ ላይ የተደረገ ስም በአንድ ቅጽበት ተቆርጦ ይወድቃል፤ መሐል ላይ የተንሰራፋ ስም ደግሞ ምስሉን ራሱን ይገድለዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. የጉግል ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በብዙ ምስሎች ላይ ሳይለዋወጥ የተደጋገመ ምልክት በኮምፒዩተር ተለይቶ ሊፋቅ ይችላል፤ ቅርጹ በየምስሉ ጥቂት ሲለዋወጥ ግን ሥራው ይከብዳል። ስለሆነም ምልክቱ ደብዘዝ ብሎ፣ ቢቆረጥ ምስሉን በሚያጎድልበት ሥፍራ ይረፍ፤ ዋናው ቅጅም ሳይነካ በቤት ይቀመጥ። በሰው ፊት ላይ ግን ፈጽሞ አይረፍ። ፊቱ የባለቤቱ ነውና።

ከሁሉ የሚበልጠው ምልክቱ የሚናገረው ቃል ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ልጇን አዝላ የተሰደደች እናት ምስል ቦታና ቀን ካልያዘ፣ ነገ ለሌላ ግጭት፣ ለሌላ ወገን ክስ የሐሰት ምስክር ሆኖ ሊቆም ይችላል። ያን ጊዜ የሚጎዳው አንሺው ብቻ አይደለም፤ እናቲቱ መከራዋን ሁለተኛ ትነጠቃለች።

ስለዚህ በምስል ላይ የሚያርፍ ስም የንብረት አጥር ብቻ ሊሆን አይገባውም፤ የምስክር ፊርማም ሊሆን ይገባዋል። የሚፈርም ሰው ለቃሉ ይጠየቃልና። ወጣቶችን ፎቶግራፍ የምታስተምሩ መምህራን፣ ዐውደ ርእይ የምታዘጋጁ የባህል ሠራተኞች፣ በአንሺው ስም አጠገብ ቦታውና ዓመተ ምሕረቱ፣ ከተነሺው ፈቃድ ሲገኝም የእርሱ ስም እንዲሠፍር ልማድ አድርጉት። ቡናውን የለቀመች እጅ በምስሉ ውስጥ እንደምትታይ ሁሉ፣ ስሟም ከሥሩ ይነበብ።